ነፋስ የሚጠብሰው የቡና ቁርስ

ቡና ያለ ቁርስ አያምርበትም። ቤቱ ሰፊም ይሁን ጠባብ፣ ባለቤቱ ሹምም ይሁን የወር ደመወዙን የሚጠብቅ ጸሐፊ፣ እንግዳ ሲመጣ ከስኒው አጠገብ አንድ ነገር መቅረብ አለበት፤ ቆሎም ቢሆን፣ ዳቦም ቢሆን፣ ፈንዲሻም ቢሆን። ከዚህ ሁሉ ደግሞ ሰው አብልጦ የሚወደው ሲነክሱት ኩርሽም የሚለውን ነው። ሳምቡሳው ከጥርስ ሥር ሲሰበር፣ ድንቹ ከውጭ ደርቆ ከውስጥ ሲለሰልስ፣ ጨዋታውም አብሮ ይደምቃል።

ይሁን እንጂ የዚህ ደስታ ዋጋ ቀላል አይደለም። ሳምቡሳ ለመጥበስ ድስቱ ግማሽ እስኪሆን ድረስ ዘይት መፍሰስ አለበት። ዘይት ውድ ነውና አንድ ጊዜ ጠብሶ መድፋት ያሳዝናል፤ ስለዚህ ይጠለልና ነገም ከነገ ወዲያም ይጠበስበታል፤ እስኪጠቁርና እስኪከረፋ ድረስ። በአንድ ክፍል ቤት የሚኖር ተማሪ ወይም ጀማሪ ሠራተኛ ከሆነማ ችግሩ ይብሳል። አልጋውና ምድጃው ጎን ለጎን ናቸው። ጭሱ መጋረጃው ውስጥ ይገባል፤ ሽታው በማግሥቱ ከኮቱ ጋር ቢሮ ድረስ ይሄዳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የፈላ ዘይት አደጋ ነው፤ ድስቱ አንድ ጊዜ ካዘመመ የሚተርፈው ጠባሳ የዕድሜ ልክ ነው።

በዚህ ምክንያት ነው «ኤር ፍራየር» የተባለው መሣሪያ በከተማችን ወጣቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚነሣው። አንዱ «ያለ ዘይት ይጠብሳል» ይላል፤ ሌላው «ይህማ የሀብታም መጫወቻ ነው» ብሎ ያጣጥለዋል። ሁለቱም ነገሩን በግማሹ ነው የያዙት። እስቲ መሣሪያው ምን እንደሆነ፣ ምንስ እንደሚሠራ በዝርዝር እንመልከት።

መሣሪያው እንዴት ተገኘ?

ምግብን በሚነፍስ ሙቅ አየር ማብሰል ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ዊልያም ማክሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን ላይ የበረደ ምግብ የሚያሞቅ፣ ማራገቢያ ያለው ትንሽ ምድጃ ሠርቶ ነበር። ለቤት የሚሆነውን የዛሬውን መሣሪያ የፈለሰፈው ግን ፍሬድ ፋን ደር ቬይ የተባለ የሆላንድ ሰው ነው። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በበርሊን ከተማ በተደረገው የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ላይ ለሕዝብ አሳየው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኩባንያዎች በየስማቸው ይሠሩታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከላይ እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ የሚግል ሽቦ አለ፤ ከሽቦው በላይ ማራገቢያ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ወለሉ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ቅርጫት ተቀምጧል። ማራገቢያው የጋለውን አየር በጠባቧ ክፍል ውስጥ በኃይል ያዞረዋል፤ አየሩም ምግቡን ከላይም፣ ከጎንም፣ በቀዳዳው በኩል ከሥርም ያገኘዋል። እንግዲህ በእውነቱ ከተናገርን መሣሪያው መጥበሻ አይደለም፤ ነፋስ ያለበት ትንሽ ምድጃ ነው።

ኩርሽም ማለት ምን ማለት ነው?

በክፍል ውስጥ ስለ ሙቀት ሳስተምር ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። እጃችንን ለቅጽበት ወደ ጋለ ምድጃ አየር ብናስገባ አንላጥም፤ ዘይቱ ግን በዚያው ሙቀት ላይ ቢሆን አንዲት ጠብታው ታቃጥለናለች፤ ለምን? መልሱ ይህ ነው፦ ዘይት ሙቀትን በፍጥነት ያስተላልፋል፤ አየር ግን ሰነፍ ነው። አየሩን ከስንፍናው ለማንቃት መንፈስ አለበት። የማራገቢያው ሥራ ይኸው ነው።

በምግብ ፊት ላይ ውሃ እስካለ ድረስ ያ ፊት ከውሃ መፍያ ሙቀት ብዙ አያልፍም። ውሃው በእንፋሎት ከሄደ በኋላ ግን ሙቀቱ ይወጣል፤ ወደ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ምግቡ ይወረዛል፣ ሽታውም ያውዳል። ይህን የመቅላት ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ሉዊ ካሚ ማያር የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። እንግዲህ ኩርሽም የሚያሰኘው ዘይቱ አይደለም፤ ድርቀቱ ነው። ዘይት ሙቀት የሚያደርስ ፈጣን መልእክተኛ ነው እንጂ የኩርሽምታ አባት አይደለም።

ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ቆሎ በምን ይቆላል? በደረቅ ምጣድ አይደለምን? እናቶቻችን ገብሱን አርሰው፣ ሸክሽከው፣ በምጣድ ላይ እያመሱ ውሃውን ሲያስወጡት አንዲት ጠብታ ዘይት ሳይጨምሩ ጥርስን የሚያስደስት ቁርስ ያወጡ ነበር፤ ዛሬም ያወጣሉ። ማመስ ማለት ፍሬውን ማገላበጥ ነው፤ ሙቀቱ ሁሉንም ፊት እንዲያገኘው። ኤር ፍራየሩ ፍሬውን በማገላበጥ ፈንታ አየሩን ያገላብጣል።

ሳምቡሳ

ሳምቡሳ ብዙ አገር የዞረ ምግብ ነው። ስሙ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ነው፤ በ13ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ በተጻፈ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ አሠራሩ ይገኛል፤ ኢብን ባቱታ የተባለው የሞሮኮ ተጓዥም በ14ኛው መቶ ዓመት በዴልሂ ሱልጣን ግብር ላይ መቅረቡን ጽፏል። ወደ እኛም ደርሶ የሐረርና የድሬዳዋ፣ ኋላም የአዲስ አበባ ሻይ ቤቶች ጌጥ ሆነ። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ይቀርባል፤ የምስሩ ደግሞ ለጾመኛው ክርስቲያን ይሆናል። ሁለቱንም ጎረቤት በአንድ ሳህን የሚያስተናግድ ቁርስ ነው።

ለ16 ሳምቡሳ የሚያስፈልገው 2 ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ውሃ፣ 1 ብርጭቆ ድፍን ምስር፣ 2 ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ቃሪያ፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ ነው። ሊጡን ጠንከር አድርጎ አቡክቶ 30 ደቂቃ ያህል ሸፍኖ ማሳረፍ ነው፤ ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ ይሸሻል። ምስሩ ይብሰል እንጂ አይፍረስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የባሕር ዳርቻ አገር መጽሐፍ የሚያዝዘው የመቀቀያ ደቂቃ እዚህ አይበቃም። ምስሩ ሲበስል ውሃው በደንብ ይንጠፍጠፍ። የሳምቡሳ ዋና ጠላት እርጥብ ውስጡ ነው፤ ሊጡን ከውስጥ አርሶ ኩርሽምታውን ይሰርቀዋል። ከዚያ በኋላ የተከተፈው ሽንኩርት፣ ቃሪያውና ቅመሙ ይቀላቀላል፤ ከመጠቅለሉም በፊት ይቀዝቅዝ።

ሊጡ 8 ቦታ ይድቦልቦል። እያንዳንዱ በስሱ ይዳመጥና በደረቅ ምጣድ ላይ ሁለቱም ፊቱ ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ ይነካ፤ ከዚያ ከመካከሉ ለሁለት ይቆረጥ። ግማሹን እንደ ወረቀት ጥቅል ጠቅልሎ፣ ውስጡን ሞልቶ፣ አፉን በውሃ በተለወሰ ዱቄት ማጣበቅ ነው። አፉ በደንብ ካልተዘጋ ነፋሱ ይከፍተዋል።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። በ180 ዲግሪ 4 ደቂቃ ያህል ባዶውን ይሙቅ። ሳምቡሳው በሁለቱም ፊቱ በብሩሽ ዘይት ይቀባ፤ ለ16ቱ 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ይህን ቅባት «ያለ ዘይት ነው የተባለው» ብሎ የሚተው ሰው የሚያገኘው ነጣ ያለ፣ እንደ ካርቶን የደረቀ ነገር ነው። በቅርጫቱ ውስጥ ሳይደራረብ በአንድ ረድፍ ይደርደር፤ ስለዚህ በሁለት ዙር መጥበስ ያስፈልግ ይሆናል። 12 ደቂቃ ገደማ ይቆይ፤ በ7ኛው ደቂቃ ይገልበጥ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ 16ቱንም ባንድ ጊዜ የሚከምር ሰው ከላይ ያረረ፣ ከሥር ያልበሰለ ሳምቡሳ ይዞ እንግዳው ፊት ይቆማል።

ድንች፣ ሽምብራና ዳቦ ቆሎ

ድንች ሲሆን ግማሽ ኪሎውን በጣት ውፍረት ቆርጦ 30 ደቂቃ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ድርቅ እስኪል መጥረግ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨውና የጥብስ ቅጠል ቢለወስበት በ180 ዲግሪ በ20 ደቂቃ ይደርሳል፤ በመካከሉ ሁለት ጊዜ ቅርጫቱን ማንገዋለል ይገባል።

ሽምብራ ደግሞ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ይቀቀላል፤ ውሃው ተንጠፍጥፎ በጨርቅ ከደረቀ በኋላ ጥቂት ዘይት ይነካና በ200 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያህል ይቆያል። በርበሬው የሚነሰነሰው ከወጣ በኋላ ነው፤ በርበሬ ቀድሞ ከገባ ያርርና ይመርራል።

ዳቦ ቆሎ ለዚህ መሣሪያ የተፈጠረ ይመስላል። ዱቄት፣ በርበሬ፣ ጨውና ጥቂት ዘይት በውሃ ጠንክሮ ይቦካ፤ እንደ ገመድ ተድቦልቡሎ በትንንሹ ይቆረጥ፤ በ160 ዲግሪ 15 ደቂቃ ገደማ እየተንገዋለለ ይጠበስ። ከበረደ በኋላ በተከደነ ጣሳ ቢቀመጥ ብዙ ቀን ይቆያልና ለድንገተኛ እንግዳ መከታ ነው።

ለዚህ መሣሪያ የማይሆንም አለ። በቀጭን ሊጥ ተነክሮ የሚጠበስ ነገር ሁሉ አይሆንም፤ ሊጡ ሳይረጋ በቀዳዳው ይንጠባጠባል። እንዲህ ያለው ዛሬም የዘይት ድስት ይፈልጋል።

ስለ ኤሌክትሪኩ

ተከራይ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የአከራዩን ፊትና የጋራውን ቆጣሪ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን አብረን እናውጣ። መሣሪያው 1500 ዋት ቢሆንና ከማሞቂያው ጋር 28 ደቂቃ ሳያቋርጥ ቢሠራ የሚበላው 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህም ባለ 10 ዋት አምፖል ለ70 ሰዓት ሲበራ ከሚበላው ጋር እኩል ነው። በየቀኑ ከሆነ የሚታይ ወጪ ነው፤ እሑድ እሑድ ለእንግዳ ከሆነ ግን አከራይና ተከራይን የሚያጣላ አይደለም። ጉዳዩን ቀድሞ በግልጽ መነጋገር ግን ጨዋነት ነው።

ከወጪው ይልቅ የሚያስፈራው ሽቦው ነው። 1500 ዋት በ220 ቮልት ወደ 7 አምፔር ይስባል። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ይህን ሲሸከም ይግላል፤ ከምድጃ ወይም ከምጣድ ጋር በአንድ ማራዘሚያ መሰካት እሳትን መጥራት ነው። ሌላም አለ። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው መሣሪያ ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው በእኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። ስለዚህ ከመሰካት በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ጀርባውንም ከግድግዳና ከመጋረጃ ማራቅ ያስፈልጋል፤ ሙቁ አየር የሚወጣው በዚያ በኩል ነው።

ለጤናስ?

በብሩሽ የተቀባ ሳምቡሳ ከተዘፈቀው ያነሰ ዘይት እንደሚይዝ ግልጽ ነው፤ ስለዚህ ስቡም ያንሳል። ሆኖም ጨውና ፉርኖ ዱቄት በነፋስ ተጠብሰዋልና ጨውነታቸውንና ዱቄትነታቸውን አይተዉም። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች አክሪላማይድ የተባለ ጎጂ ነገር በከፍተኛ ሙቀት በደረቁ ድንችና እህል ነክ ምግቦች ውስጥ እንደሚፈጠር አስታወቁ። ይህ ነገር በዘይትም ሆነ በነፋስ ሲጠበስ ሊፈጠር ይችላል። መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ ድንቹን ዘፍዝፎ ማጠብ፣ ወርቅማ ሲሆን ማውጣት፣ ቡናማ እስኪሆን አለመጠበቅ ነው።

ይገዛ ወይስ ይቅር?

መልሱ እንደ ኪሱና እንደ ኑሮው ነው። ቤተሰብ ያለው፣ ሁልጊዜ የሚጠብስ፣ ሕፃናት በድስት ዙሪያ የሚሯሯጡበት ቤት ከሆነ የፈላ ዘይትን ከቤት ማስወጣቱ ብቻ ለዋጋው በቂ ምክንያት ነው። አንድ ግቢ የተከራዩ ሦስት አራት ጓደኞችም አዋጥተው ቢገዙት አይጸጽታቸውም። በወር መጨረሻ የታክሲ ሳንቲም የሚቆጥር ወንደላጤ ግን ለዚህ ብሎ ዕዳ ቢገባ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው እርሱ ነው። ለእርሱ ምጣድ አለለት። ሽምብራውንም ዳቦ ቆሎውንም በደረቅ ምጣድ፣ በዝግታ እሳት፣ ሳይሰለች ቢያምሰው ያው ኩርሽም ይላል፤ ጊዜና ክንድ ይጠይቀው እንደሆነ እንጂ።

ወንዶች ወንድሞቻችንም ይህን ገጽ «የማጀት ነገር ነው» ብለው አይለፉት። ሙያ በልብ ነው እንጂ በቀሚስ አይደለም። ሊጥ ማሳረፍን፣ ምስር ማንጠፍጠፍንና ድንች ማድረቅን የተማረ ሰው በነፋስም ቢጠብስ በምጣድ እንግዳውን አያሳፍርም፤ ይህን ያልተማረ ግን ውድ መሣሪያ ቢገዛም የሚያቀርበው ያው የለሰለሰ ሳምቡሳ ነው።