ሙቀት፣ ከፍታና ወባ፦ የላስታ ደጋ ስጋት እንዴት ይሰላል?

በኢትዮጵያ ወባ በአመዛኙ ከ2000 ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች የሚከሰት በሽታ ነው። በ2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ላሊበላ ከዚህ ወሰን በላይ ናት፤ ከላስታ ተራሮች የሚመነጨው ተከዜ ግን ወደ ቆላ ሲወርድ ሸለቆው ከወሰኑ በታች ይሆናል። በስተደቡብም ወገል ጤና ያረፈችበት የደላንታ አምባ ቁልቁል ወደ በሽሎ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። ደጋና ቆላ እንዲህ በተቀራረቡበት መልክዓ ምድር የስጋት ሞዴል ዋና ጥያቄ ሙቀት ሲጨምር ወሰኑ ምን ያህል ወደ ላይ ይወጣል የሚለው ነው።

መልሱ የሚጀምረው ከትንኟ ሆድ ነው። ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም የተባለው ተውሳክ በትንኟ ውስጥ ለማደግ ከ16 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ይሻል። የተለመደው ቀመር 111ን ከ16 በላይ ላለው የሙቀት ልዩነት ያካፍላል፤ በዚህም መሠረት ዕድገቱ በ18 ዲግሪ 56 ቀናት፣ በ20 ዲግሪ 28 ቀናት ይፈጃል። በየቀኑ ከ100 ትንኞች 90ዎቹ በሕይወት ይቆያሉ ቢባል፣ ተውሳኩ እስኪበስል የሚደርሱት በ18 ዲግሪ ከ1000 3 ያህሉ፣ በ20 ዲግሪ ግን 54 ያህሉ ናቸው። ሙቀት በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ የ2 ዲግሪ ጭማሪ ከ300 ሜትር የከፍታ ልዩነት ጋር ይስተካከላል።

ይህ ስሌት ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ ነው። በ2014 (እ.ኤ.አ.) በሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ደጋማ ሥፍራዎች ወባ በሞቃት ዓመታት ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። በ1958 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የተነሣው ወረርሽኝ ደግሞ 150,000 ያህል ሰዎችን እንደ ገደለ ይገመታል። የደጋ ነዋሪ ለወባ እምብዛም ስለማይጋለጥ በሽታውን የሚቋቋምበት አቅም ደካማ ነው።

ይሁን እንጂ ሙቀት ብቻውን ወረርሽኝ አያስነሣም። ትንኟ የምትራባበት የረጋ ውኃ ያስፈልጋል፤ ገደላማ መሬት ግን ውኃን ፈጥኖ ያፈሳል። በተጨማሪም ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ሠራተኞች ሕመሙን ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ። የጉዞ ታሪክ ካልተመዘገበ ሞዴሉ ከቆላ የመጣውን ሕመም የደጋው ሙቀት ውጤት አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ለላስታ የሚሠራ ሞዴል የወረዳን አማካይ ሙቀት ሳይሆን የየቀበሌውን ከፍታ መነሻ ማድረግ፣ የሳተላይት የሙቀትና የዝናብ መረጃንም ከጤና ጣቢያዎች ሳምንታዊ ሪፖርትና ከታካሚው የጉዞ ታሪክ ጋር ማጣመር ይኖርበታል።