የባይት ቅደም ተከተልና የፕሮግራሞች የትርጉም ፋይል

መግቢያ

በመራዊ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ወደ ፍኖተ ሰላም በሚልከው ሪፖርት ላይ «3/7» የሚል ቀን ቢሰፍር፣ ቀንን አስቀድሞ የሚያነብ ሰው መጋቢት 3 ሲለው፣ ወርን አስቀድሞ የሚያነብ ደግሞ ኅዳር 7 ይለዋል። በጽሑፉ ላይ አንዳችም ስሕተት የለም፤ ስሕተቱ የሚመጣው ጸሐፊውና አንባቢው በቅደም ተከተሉ ላይ አስቀድመው ባለመስማማታቸው ነው። ይኸው ችግር በኮምፒዩተርም አሠራር ውስጥ ይገኛል። በአማርኛ የተተረጐሙ ፕሮግራሞች በየትምህርት ቤቱ ሥራ ላይ እንዲውሉ ለሚያቅዱና ለሚያስተምሩ ሁሉ ነገሩን መረዳት ይጠቅማል።

የልዩነቱ ምንነት

አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለውን ቁጥር ብቻ ይይዛል። ከዚያ የበለጠ ቁጥር በበርካታ ባይቶች ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ተማሪዎች አንድ ቤት፣ አሥር ቤት፣ መቶ ቤት እያሉ እንደሚማሩት ሁሉ፣ በዚህም ቤቶች አሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት ከበታቹ ካለው 256 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 300 በ4 ባይቶች ሲጻፍ 0፣ 0፣ 1፣ 44 ይሆናል፤ ይኸውም 1 ጊዜ 256 ሲደመር 44 ማለት ነው። የአይ.ቢ.ኤም. ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ከፍተኛውን ቤት በማስቀደም በዚሁ ተራ ያስቀምጡታል። በኢንቴል ሥሪት የሚሠሩት ግን ዝቅተኛውን አስቀድመው 44፣ 1፣ 0፣ 0 አድርገው ያኖሩታል። የአንደኛው ጽሑፍ በሌላኛው ልማድ ቢነበብ፣ 300 የነበረው 738,263,040 ሆኖ ይገኛል።

ዳኒ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ጽሑፍ ለሁለቱ ወገኖች ስም የሰጣቸው ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1726 ካሳተመው የጉሊቨር ጉዞ በመዋስ ነው። በዚያ ታሪክ ሰዎች እንቁላል በወፍራሙ ጫፍ ይሰበር ወይስ በቀጭኑ እያሉ ይዋጋሉ። የኮኸንም ሐሳብ ከምርጫው ይልቅ ስምምነቱ ይበልጣል የሚል ነበር።

የትርጉም ፋይል አሠራር

«ጌትቴክስት» በተባለው ዘዴ ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ቃልና የአማርኛ ፍቺውን በተራ ጽሑፍ ያሰናዳል። ይህም ኮምፒዩተሩ ፈጥኖ ወደሚያነበው ፋይል ይለወጣል። በፋይሉ ራስ ላይ የቃላቱ ብዛትና እያንዳንዱ ሠንጠረዥ የሚጀምርበት ስፍራ በቁጥር ተመዝግቧል። እነዚህ ቁጥሮች ተገልብጠው ቢነበቡ ፕሮግራሙ ትርጉሙን ከሌለበት ስፍራ ይፈልጋል።

ይህን ለመከላከል ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የታወቀ ቁጥር፣ ማለትም 2,500,072,158 ይጻፋል። ባይቶቹ 149፣ 4፣ 18፣ 222 ናቸው። አንባቢው ፕሮግራም በራሱ ልማድ አንብቦ ይህን ቁጥር ካገኘ በቀጥታ ይቀጥላል፤ ተገልብጦ ካገኘው ግን የቀሩትንም ቁጥሮች ሁሉ እየገለበጠ ያነባል። በዚህም ምክንያት በአንድ ስፍራ የተዘጋጀ የአማርኛ ትርጉም በማናቸውም ዓይነት ኮምፒዩተር ያገለግላል፤ የተርጓሚውም ድካም ሁለት ጊዜ አይጠየቅም።

ፊደሎቹስ?

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ገብቷል። በዚያም የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው። ይህ በ2 ባይቶች ሲጻፍ 18 እና 0 ስለሚሆን፣ ቢገለበጥ «ሀ» መሆኑ ይቀራል። ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ ግን «ሀ» ምንጊዜም 225፣ 136፣ 128 በሚል ተራ ስለሚጻፍ መገልበጥ አያሠጋውም። ስለሆነም ትርጉሙ በዚህ አጻጻፍ እንዲዘጋጅ ማድረግ የተሻለ ነው።

ማጠቃለያ

መምህራን ይህን ለማስተማር የግድ ኮምፒዩተር አያስፈልጋቸውም። 0፣ 0፣ 1፣ 44 የተጻፈባቸው አራት ካርዶች ለሁለት ተማሪዎች ተሰጥተው፣ አንዱ ከግራ ሌላው ከቀኝ ጀምሮ ቢያሰላ ልዩነቱ ወዲያው ይገለጻል። ከዚያም አስቀድሞ የተስማሙበት አንድ ምልክት ያለው ካርድ በፊት ሲጨመር መፍትሔው ይታያቸዋል። ለዕቅድ ሠራተኞችም ትምህርቱ ያው ነው፤ ከአንድ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላ የሚተላለፍ ማናቸውም መዝገብ እንዴት እንደሚነበብ በራሱ ላይ ሊያመለክት ይገባል።