ተጨማሪ መረጃ፦ ብዕርና ድምፅ ማጉያ

በትምህርቱ የፋሺስት ጣሊያንን ወረራ አይታችኋል። ወረራውን ለውጭ አንባቢ ካደረሱት አንዱ ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ጆርጅ ስቲር ነው፤ ለለንደኑ «ዘ ታይምስ» የሚሠራ ወጣት የጦር ዘጋቢ ነበር። የጦር ዘጋቢ የሚባለው ውጊያ ወዳለበት ሄዶ ያየውንና ያጣራውን ለጋዜጣው የሚልክ ጋዜጠኛ ነው።

ስቲር ጣሊያኖች በወረራው ስለተጠቀሙበት የመርዝ ጋዝ ጽፏል። ጣሊያኖችም አዲስ አበባን እንደያዙ በግንቦት 1928 ዓ.ም ከአገር አባረሩት። በዓመቱ የስፔኗ ገርኒካ በጀርመንና በጣሊያን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ዜናውን ለዓለም ካሰሙት ዋነኛው እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ለናንተ ቅርብ ነው። በ1933 ዓ.ም ጣሊያንን ለማስወጣት በተካሄደው የጎጃም ዘመቻ ስቲር የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሆኖ ተመለሰ። የሚመራው ክፍል በበራሪ ወረቀትና በድምፅ ማጉያ ለጣሊያን ያደሩ ወታደሮች እንዲከዱ ይቀሰቅስ ነበር። ደብረ ማርቆስ በዚያው ዓመት በመጋቢት መጨረሻ ነፃ ወጣች። የስቲር ክፍል ያካሄደው ዓይነት የታቀደ ቅስቀሳ ፕሮፓጋንዳ ይባላል፤ እውነት ቢይዝም እንኳ ዓላማው እንደ ዜና ማሳወቅ ብቻ አይደለም። በእኔ ግምት ስቲር በዜናና በፕሮፓጋንዳ መካከል ያለውን ድንበር የተሻገረው አውቆ ነው።

ስቲር ከጦር ጋር ሲሰለፍ፣ በብዕር ብቻ የመታገል ሌላው መንገድ የጄምስ ዌልደን ጆንሰን ነው። አሜሪካዊው ጸሐፊ አገሩ የያዘቻትን የካሪቢያን አገር ሄይቲን ጎብኝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 «ዘ ኔሽን» መጽሔት ላይ የገዛ መንግሥቱን ወረራ ተቸ።

ሞክሩ፦ በመጪው የሮብ ገበያ ቀን ስለ አንድ ነገር ሁለት ሰዎችን ጠይቁ። ያዩትን በአንድ ዓምድ፣ የሰሙትን በሌላ ጻፉ።