ቧንቧው በማን ግቢ ያልፋል?

መርካቶ ውስጥ ዕቃው ጓሮ የተቀመጠ፣ መውጫው ግን በጎረቤቱ ሱቅ ብቻ የሆነ ነጋዴ አስቡ። ደቡብ ሱዳን እንደዚያ ናት። በ2003 ዓ.ም. ስትገነጠል አብዛኛው ነዳጅ ለሷ ደረሳት፤ ወደ ባሕር የሚወስደው ቧንቧ ግን በሱዳን ነው የሚያልፈው። ሱዳን ለአንድ በርሜል 36 ዶላር ገደማ ጠየቀች፤ እነሱ ደግሞ አንድ ዶላር እንኳ የማይሞላ እንከፍላለን አሉ። (መርካቶም እንዲህ አይከራከሩም!) ሱዳን ነዳጁን በዕዳዬ ብላ ስትወስድ፣ ጥር 2004 ላይ ደቡብ ሱዳን ማውጣቱን ራሷ አቆመች። የመንግሥቷ ገቢ 98 በመቶ ያህሉ ከዚያው ስለነበር ጉሮሮዋን በራሷ እጅ ያዘች ማለት ነው። የተፈራረሙት እዚሁ አዲስ አበባ፣ መስከረም 17 ቀን 2005፣ በመስቀል ዕለት ነው። በ2016 ደግሞ ሱዳን ጦርነት ላይ እያለች አንዱ ቧንቧ ተበላሸ። በደቡብ ሱዳን የመንግሥት ሠራተኞች ለወራት ደመወዝ ሳያገኙ ቆዩ፣ አስተማሪዎችም ጭምር።