«መስመሩ ተቆርጧል» ስለሚባለው ነገር፤ ተረትና እውነታ

ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ከሰው አንደበት ቀድሞ የሚወጣው ቃል «መስመሩ ተቆርጧል» የሚለው ነው፤ በመንገድ ሥራ ቁፋሮ ፋይበር መበጠሱ፣ በመብራት መጥፋትም የማማ መሣሪያ መቆሙ በአገራችን የታወቀ ስለ ሆነ፣ እንዲህ የሚለውን ሰው መውቀስ አይገባም። ይሁን እንጂ መስመሩ ደኅና ሆኖ ሳለ መንገዱ ብቻ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህም የሚሆነው ራውተር የሚባለው መሣሪያ መንገዱን እስከ ፍጻሜው የሚያይ ሳይሆን፣ ጎረቤቶቹ በሚሰጡት ምስክርነት አምኖ መልእክትን የሚያሳልፍ በመሆኑ ነው፤ ስለዚህ የጥገና ባለሙያ ዋና ተግባር ምስክሮችን በተራ መመርመር ነው።

አንድ አነስተኛ የኢንተርኔት አቅራቢ በመንዝ ያሉ የመሐል ሜዳ ደንበኞቹን ከማማ ወደ ማማ በሚሻገር የማይክሮዌቭ ሬዲዮ ከደብረ ብርሃን፣ ከዚያም በፋይበር ከአዲስ አበባ ጋር አገናኝቷል እንበል። የራሱ ራውተሮች ኦኤስፒኤፍ በሚባለው ሥርዓት እርስ በርሳቸው መንገድ ይነጋገራሉ፤ ከታላቁ አቅራቢ ጋር የሚገናኘው ራውተር ግን ቢጂፒ በሚባለው ይነጋገራል።

በዚህ ኔትወርክ ላይ የሚነገረው የመጀመሪያው ተረት «የራውተሩ መብራት ከበራ፣ ፒንግም (የሙከራ ጥሪው) ከመለሰ ነገሩ ሁሉ ደኅና ነው» የሚል ነው። የማማው ሬዲዮ ተለውጦ በአንዱ ወገን የመልእክት ከፍተኛ መጠን 1500 ባይት፣ በሌላው ወገን ግን 1400 ባይት ሆኖ ቢቀር፣ ትንሹ የሰላምታ መልእክት ያለ ችግር ይደርሳል፣ ፒንግም ይመልሳል፣ ጎረቤትም ከጎረቤት ይተዋወቃል፤ መንገዶቻቸውን ሊለዋወጡ በጀመሩ ጊዜ ግን አነስተኛ መጠን የተሰጠው ራውተር የባልንጀራውን መግለጫ አልቀበልም ይላል። ባለሙያው የጎረቤቶችን ዝርዝር ሲከፍት «ፉል» የሚለውን ቃል ማንበብ ሲገባው «ኤክስስታርት» ወይም «ኤክስቼንጅ» የሚለውን ያነባል፤ ቢጠብቅም ቃሉ አይለወጥም። ይህን ልዩነት ቸል በል ብሎ ራውተሩን ማዘዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ ጉድለቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፣ ትልልቁ መልእክት ኋላ በመንገድ መጥፋቱ አይቀርምና። የሚሻለው ሁለቱን ወገን አስተካክሎ፣ ሳይቆራረጥ እንዲሄድ በታዘዘ ትልቅ ፒንግ መፈተን ነው።

ሁለተኛው «መንገዱ ሲበላሽ ኔትወርኩ ራሱን ያድናል» የሚለው ነው። ያድናል፤ ነገር ግን መበላሸቱን ባወቀ ጊዜ ነው። በሬዲዮው ማዶ ያለው ማማ ቢጠፋ፣ ራውተሩን ከሬዲዮው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ሕያው ሆኖ ስለሚቆይ፣ ኦኤስፒኤፍ ብዙ ጊዜ እንደ ተለመደው 40 ሴኮንድ በዝምታ ይጠብቃል፤ ቢጂፒ ደግሞ በመደበኛ ሰነዱ 90፣ በብዙ ራውተሮች ላይ 180 ሴኮንድ ይታገሣል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የደንበኛው መልእክት ወደ ባዶ ይፈስሳል። ሁለተኛ መንገድ ከቶ ያልተሠራለት ከተማ ከሆነ ደግሞ የሚድንበት ነገር የለም። በመንዝ ጉም በወረደ ጊዜ ጥፋቱን በጉሙ ላይ ማላከክም ልማድ ነው፤ ዳሩ ግን ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ያለውን ሬዲዮ አጥብቆ የሚያዳክመው ከባድ ዝናብ ነው፤ የጉም ጠብታ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ በተለመዱት ሞገዶች ላይ ጉዳቱ ጥቂት ነው።

«አጭሩ መንገድ ምንጊዜም የተሻለው ነው» የሚለውን የመንዝ ሰው አያምንም፤ ከገደሉ ማዶ የሚታየው አምባ ለዓይን ቅርብ፣ ለእግር ግን ሩቅ መሆኑን ያውቃልና። ኦኤስፒኤፍም የሆላንዱ ሊቅ ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ስሌት የሚጠቀመው የማማዎችን ብዛት ሳይሆን ለየመስመሩ የተሰጠውን ዋጋ እየደመረ ነው፤ ዋጋው በስሕተት ከተጻፈ ሰፊው ፋይበር ቦዝኖ ጠባቡ ሬዲዮ ይጨናነቃል።

መልእክት የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በተራ በሚያሳየው ትሬስራውት ላይ ኮከብ በታየበት ስፍራ ጥፋት አለ ማለትም ስሕተት ነው፤ አንዳንዱ ራውተር መልእክቱን እያሳለፈ ለጠያቂው ብቻ አይመልስም፣ መልሱም በሌላ መንገድ ሊመለስ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «የአንድ ትንሽ አቅራቢ ስሕተት ከደጁ አያልፍም» የሚለው ነው። የካቲት 16 ቀን 2000 ዓ.ም. የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ለመዝጋት ያወጣው የመንገድ ምስክርነት ወደ ውጭ አመለጠ፤ ከዩቲዩብ የራሱ ማስታወቂያ ይልቅ ጠበብ ብሎ የተወሰነ ስለ ነበረ፣ ራውተሮችም ጠባቡን አድራሻ ስለሚያስቀድሙ፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው ዩቲዩብን ለሁለት ሰዓት ያህል አጣ። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ በራሱ ጥገና ላይ በተሠራ ስሕተት የስም መዝገብ ሰርቨሮቹን መንገድ ከዓለም አንሥቶ ለ6 ሰዓት ያህል ጠፍቷል። እነዚህ ታላላቆች ናቸው፤ ቢጂፒ ግን የተናጋሪውን ታላቅነት አይጠይቅም። ስለዚህ ትንሹም አቅራቢ የራሱን አድራሻዎች ብቻ የሚያወጣ ማጣሪያ ሊያበጅ ይገባል፤ የበላዩም አቅራቢ የተነገረውን ሁሉ ሳይመረምር ሊቀበል አይገባም።

ወንድሜ ባለሙያ ሆይ፣ ራውተሩን አጥፍተህ ከማብራትህ በፊት የጎረቤቶቹን ሁኔታና የመንገድ ሰንጠረዡን ቅዳ፤ ካጠፋኸው ምስክሩም አብሮ ይጠፋልና። ደንበኛውም ስልክ ሲደውል «ኔትወርክ የለም» ብቻ ሳይል የትኛው ገጽ እንደሚከፈት፣ የትኛው እንደማይከፈትና በስንት ሰዓት እንደ ጀመረ ቢናገር፣ የምርመራውን እኩሌታ ሠራልህ ማለት ነው።