የምርኮኛው ቄስ ጥንዚዛዎች

በ1806 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ፔንስልቬንያ ውስጥ ሃኖቨር በምትባል ትንሽ ከተማ 60 ገጽ ገደማ ያላት መጽሐፍ ታተመች። ይዘቷ የጥንዚዛ ስም ዝርዝር ነው፤ 1,363 ዓይነት። አሜሪካ ውስጥ ስለ ነፍሳት ብቻ የታተመች የመጀመሪያዋ መጽሐፍ ትባላለች። አዘጋጇ የከተማዋ የሉተራን ቄስ ፍሬድሪክ ቫለንቲን ሜልስሃይመር ነበሩ። ቀብርና ክርስትና፣ ስብከትና ሽምግልና የሚጠብቃቸው ሰው ይህን ሁሉ ጥንዚዛ እንዴት ለይተው አወቁ?

የኋላ ታሪካቸው የሚወስደን ጦር ሜዳ ነው። በ1749 ብራውንሽቫይግ ግዛት ተወልደው፣ ሄልምሽቴት ተምረዋል። እንግሊዝ ያመፁባትን ቅኝ ግዛቶች ለመውጋት ከጀርመን መሳፍንት ወታደር ስትከራይ፣ በ1776 የአንድ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ቄስ ሆነው ኩቤክ ደረሱ። ፈረሰኞቹ ግን ፈረስ አልነበራቸውም። ለኮርቻ የተሠራውን ከባድ ቦት ጫማ እየጎተቱ ጫካውን በእግር ያቋርጡት ነበር። ነሐሴ 1777 ፈረስና ስንቅ ፍለጋ ወደ ቤኒንግተን ሲያመሩ ጦሩ ተመታ፤ ቄሱም ቆስለው ተማረኩ።

ከምርኮ በኋላ ወደ ጦሩ አልተመለሱም። በ1779 ትዳር ይዘው ጀርመንኛ ተናጋሪ ምእመናንን ማገልገል ጀመሩ፤ ከ1789 እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1814፣ ሃኖቨር ኖሩ።

ጥንዚዛ መሰብሰብ ለማንም አይከብድም፤ ጭንቁ መለየቱ ላይ ነው። ሁለት ጥቁር ጥንዚዛዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ይመስላሉ፤ የእግራቸው ጫፍ አንጓ ሲቆጠር፣ የአንቴናቸው ቅርጽ ሲታይ ግን ዘራቸው ለየቅል ሊሆን ይችላል። ማመሳከሪያው ደግሞ ያኔ በአብዛኛው አውሮፓ ነበር። ቄሱ ታዲያ የሰበሰቡትን እዚያው ትውልድ አገራቸው ብራውንሽቫይግ ለሚገኙት የነፍሳት ተመራማሪ አውጉስት ቪልሄልም ክኖኽ ይልኩ ነበር። ክኖኽም በ1801 ባሳተሙት ሥራ ከአሜሪካ የመጡ ጥንዚዛዎችን ከነመግለጫቸው አወጡ። ከወታደሮች ጋር የተሻገሩትን ባሕር ጥንዚዛዎቻቸው መልሰው ተሻገሩት። እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ይህ ነው።

መጽሐፏ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረባት፦ ብዙዎቹ አዳዲስ ስሞች መግለጫ የላቸውም። በሳይንሱ ሕግ ደግሞ መግለጫ የሌለው ስም አይጸድቅም። ያም ሆኖ ልፋቱ ከንቱ ነበር ብሎ መፍረድ ግፍ ይመስለኛል፤ ስሙ ባይጸድቅም ነፍሳቱ በእጅ አሉ። ልጃቸው ዮሐን ፍሬድሪክ ከታዋቂው ተመራማሪ ከቶማስ ሴይ ጋር ይጻጻፉ ነበር፤ ሴይም ጥንዚዛዎችን በወጉ ሲገልጹ የቄሱን ዝርዝር ይጠቅሱ ነበር። ሐኪሙ ልጃቸው ኤርንስት ደግሞ የአገሪቱን ጥንዚዛዎች ዝርዝር አሰናድተው፣ በ1853 የስሚዝሶኒያን ተቋም አሳተመላቸው። የቤተሰቡን ስብስብ በ1864 የተፈጥሮ ተመራማሪው ሉዊ አጋሲ ለሃርቫርድ ሙዚየም ገዙት።