ድብርት ሕክምና ያለው ሕመም ነው፦ የአንጎል ፎቶግራፍ ምን ያስተምረናል?



በብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል። ቀድሞ ሣቂና ተጫዋች የነበረች ሚስት ቀስ በቀስ ዝም ትላለች፤ ምግብ አያሰኛትም፣ ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳትም። ወይም ከሥራ ሲመለስ ልጆቹን አቅፎ ይስም የነበረ ባል ቤት እንደገባ ይተኛል፤ ሲያናግሩት ይቆጣል፣ አለዚያም መልስ አይሰጥም። በዚህ ጊዜ ቤተሰብ «ጠባይዋ ተለወጠ»፣ «ትዳሩን ጠላ»፣ «ሰነፈ» ይላል። ጎረቤትም የራሱን ይጨምራል። ነገር ግን ችግሩ የጠባይ ሳይሆን የጤና ሊሆን ይችላል። ይህ ሕመም ድብርት ይባላል፤ የጤና ባለሙያዎች ድባቴም ይሉታል።

ድብርት ሕመም ነው የሚባለው መቼ ነው?

ማንኛውም ሰው ያዝናል፣ ይከፋዋል፤ ይህ በራሱ ሕመም አይደለም። ሐኪም የድብርት ሕመም ነው የሚለው ከሚከተሉት ምልክቶች በርከት ያሉት ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ሲቆዩና ሥራንና ኑሮን ሲያውኩ ነው፤

• ቀኑን ሙሉ ማዘን፣ ባዶነት መሰማት ወይም መነጫነጭ፤
• ቀድሞ ያስደስት በነበረ ነገር አለመደሰት፤
• የእንቅልፍ ማጣት ወይም መብዛት፤
• የምግብ ፍላጎት መቀነስ ወይም መጨመር፤
• ያለ ብዙ ሥራ መድከም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፤
• ራስን መውቀስ፣ «እኔ ለምንም አልረባም» ማለት፤
• ሞትን መመኘት ወይም ራስን ለማጥፋት ማሰብ።

የመጨረሻው ምልክት ለነገ የማይባል ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ያለውን ሰው ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

ኀዘን በፎቶግራፍ ይታያል?

የተሰበረ እግር በራጅ ይታያል፤ ወባ በደም ምርመራ ይታወቃል። የድብርት ሕመምተኛ ግን «አመመኝ» ሲል ለሰው የሚያሳየው ቁስል የለውም። ብዙዎች ሕመማቸውን ደብቀው የሚኖሩት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የማይታይ ሕመም ለማየት ለረጅም ዓመታት ከደከሙት ተመራማሪዎች አንዷ አሜሪካዊቷ የነርቭ ሐኪም ዶክተር ሄለን ሜበርግ ናቸው። በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ፣ ከዚያም በአሜሪካ በአትላንታ በሚገኘው ኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ሥራቸውን ወደ ኒውዮርኩ ማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት አዛውረዋል።

ተመራማሪዋ የተጠቀሙበት አንዱ መሣሪያ ፔት ስካን ይባላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥቂት ጨረር ያለው ንጥረ ነገር ለሰውየው በደም ሥር ይሰጠዋል። የአንጎል ክፍሎች ሥራ ሲበዛባቸው ብዙ ደምና ብዙ ስኳር ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ንጥረ ነገሩም ሥራ ወደ በዛበት ክፍል አብሮ ይሄዳል። መሣሪያው ይህን እየተከተለ የትኛው ክፍል በርትቶ እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደደከመ በቀለም ለይቶ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ ዶክተር ሜበርግና ባልደረቦቻቸው ጤነኛ ሰዎች በሕይወታቸው ያጋጠማቸውን አሳዛኝ ነገር እንዲያስታውሱ አድርገው አንጎላቸውን በፎቶግራፍ አዩ። ሰዎቹ ሲያዝኑ ከግንባር ኋላ፣ ወደ መሐል ጠልቆ የሚገኝ አንድ ትንሽ ክፍል ሥራው ጨመረ። በአንጻሩ ሐሳብን ለመሰብሰብ የሚረዳው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሥራው ቀነሰ። ቀጥለውም ታክመው የተሻላቸውን የድብርት ሕመምተኞች ሲመለከቱ የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኙት፤ ጠልቆ የሚገኘው ክፍል ረግቧል፣ የፊተኛው ክፍል ደግሞ ነቅቷል።

ያ ትንሽ ክፍል «አካባቢ 25» ይባላል። ቁጥሩን የሰጠው ኮርቢኒያን ብሮድማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፣ የአንጎልን ካርታ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1909 ነበር።

ከዚህ የምንረዳው፣ ያዘነ ሰው ሐሳቡን መሰብሰብ ቢያቅተው ሆን ብሎ ያደረገው አለመሆኑን ነው። «አይዞህ፣ በርታ» የሚለው ቃል መልካም ቢሆንም፣ ሕመም ለያዘው ሰው ብቻውን በቂ አይሆንም።

መድኃኒት ይሻላል ወይስ ምክር?

ለድብርት ሁለት ዋና ዋና ሕክምናዎች አሉ። አንደኛው መድኃኒት ነው። ሁለተኛው የንግግር ሕክምና ሲሆን፣ ሕመምተኛው ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በተከታታይ እየተገናኘ የሚያስጨንቁትን ሐሳቦችና ልማዶች የሚያስተካክልበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ከቶሮንቶ የወጣ ጥናት በሁለቱም መንገድ ታክመው የተሻላቸውን ሰዎች አንጎል አነጻጸረ። ሁለቱም ሕክምናዎች በአንጎል ሥራ ላይ ለውጥ አምጥተዋል፤ ለውጡ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ስለዚህ «ወሬ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎት፣ በሥርዓት የሚሰጥ የንግግር ሕክምናም አንጎል ላይ እንደሚሠራ ሊነግሩት ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት ደግሞ የዶክተር ሜበርግ ቡድን ሕመምተኞችን ከሕክምናው በፊት ፎቶግራፍ ካነሣ በኋላ፣ ለ12 ሳምንት ግማሾቹን በመድኃኒት፣ ግማሾቹን በንግግር ሕክምና ረዳ። ኢንሱላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ሥራው ቀንሶ የታየባቸው ሰዎች በንግግር ሕክምና፣ ሥራው ጨምሮ የታየባቸው ደግሞ በመድኃኒት የመዳን ዕድላቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ይህ ምርመራ ገና የጥናት እንጂ የየዕለት ሕክምና አይደለም። ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ይጠቅማል፤ ለጎረቤት የሠራው ሕክምና ለእርስዎ ባይሠራ የማይድን ሕመም ይዞዎታል ማለት አይደለም። ሌላ መንገድ አለ ማለት ነው።

ሌላው ሁሉ ሳይረዳ ሲቀር

እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ ዶክተር ሜበርግና የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር አንድሬስ ሎዛኖ በቶሮንቶ፣ ብዙ ሕክምና ተሞክሮ ላልተሻላቸው 6 ሕመምተኞች ቀጫጭን ሽቦዎች አካባቢ 25 አጠገብ አስገቡ። ሽቦዎቹ ከደረት ቆዳ ሥር ከተቀበረ አነስተኛ ባትሪ ኤሌክትሪክ እየወሰዱ ክፍሉን ያረጋጋሉ። ከ6 ወር በኋላ ከ6ቱ 4ቱ ተሽሏቸው ነበር።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልሆነም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ 90 ሰዎች የተካፈሉበት ሰፊ ጥናት፣ በ6 ወር ውስጥ መሣሪያው በተከፈተላቸውና ባልተከፈተላቸው ሕመምተኞች መካከል ጉልህ ልዩነት ሳያሳይ ቀርቷል። ተመራማሪዎቹ ተስፋ ሳይቆርጡ የሽቦውን ቦታ ይበልጥ ማስተካከልና የአንጎልን ምልክት ማንበብ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ሌላ ጥናት ከ10 ሕመምተኞች 9ኙ በ24 ሳምንት ውስጥ በጣም ተሽሏቸዋል፤ 7ቱ ከሕመሙ ነፃ እስከመባል ደርሰዋል። ይህ ሕክምና ዛሬም በጥናት ላይ ያለና በጣም ለጠናባቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ የታሰበ ነው። አብዛኛው ሕመምተኛ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም።

ባልና ሚስት ምን ሊያደርጉ ይገባል?

1. ከወሊድ በኋላ ይጠንቀቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በታዳጊ አገሮች ከወለዱ እናቶች ከ100 ወደ 20 የሚጠጉት በአብዛኛው ድብርት የሆነ የአእምሮ ሕመም ያጋጥማቸዋል። አራስ ሚስትዎ ብታለቅስ፣ ሕፃኑን ማየት ቢያስጠላት፣ «ቅብጠት ነው» ብለው አይለፏት።

2. ሳይዘገዩ ይማከሩ። በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ፤ ቢቻል ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። የታመመ ሰው ስለራሱ የሚረሳውን የትዳር ጓደኛው ያስታውሳል።

3. የአንጎል ፎቶግራፍ ካልተነሣሁ አይበሉ። ድብርት ዛሬም የሚታወቀው ሐኪሙ ጠይቆና አዳምጦ ነው። ሐኪሙ ለሌላ ምክንያት ካላዘዘ በቀር፣ ለዚህ ብለው ለውድ ምርመራ ገንዘብ አያውጡ።

4. መድኃኒቱን በትዕግሥት ይውሰዱ። ለውጡ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ተሻለኝ ብለው ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ። ፀበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መጠመቅ ይችላል።

5. እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ አስቀድመው ይንገሩ። ሐኪሙ ለእናትና ለፅንስ የሚስማማውን ይመርጣል። ሕመሙ እስኪሻል ድረስ ማርገዝ የማትፈልጉ ከሆነም፣ የሚስማማችሁን መከላከያ ለመምረጥ ባለሙያውን ጠይቁ።

6. በሕመም ወቅት ትልቅ ውሳኔ አይወስኑ። «እንፋታ»፣ «ሥራዬን ልልቀቅ» የሚለው ቃል የሕመሙ ሊሆን ይችላል። ሲሻል ተረጋግታችሁ ተነጋገሩበት።

ውድ ባለትዳሮች፣ የትዳር ጓደኛችሁ እግሩ ቢሰበር «ተነሥና ሩጥ» አትሉትም፤ ደግፋችሁ ወደ ሐኪም ትወስዱታላችሁ። ለድብርትም እንዲሁ አድርጉ። ጥያቄ ካላችሁ ተራችሁ ደርሶ ስትገቡ ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ ሳታፍሩ ንገሩ። የምትናገሩት በምሥጢር ይጠበቃል።